ከማያሚ ትንበያ እስከ ፌማ እርዳታ፦ የአሜሪካ የሄሪኬን አገልግሎቶች ግምገማ

በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ሄሪኬን የሚባሉት ከባሕር የሚነሡ ብርቱ አውሎ ነፋሶች ወቅት በየዓመቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል፤ ኃይሉም በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሳምንታት ይበረታል። በእነዚህ ስድስት ወራት አንድ ቤተሰብ በዋናነት የሚተማመንባቸው የሕዝብ አገልግሎቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ መቀመጫውን ማያሚ ያደረገው የብሔራዊ ሄሪኬን ማዕከል የሚያወጣው ትንበያና ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ፌማ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ ለተጎዱ ቤተሰቦች የሚሰጠው እርዳታ ነው። ሁለቱም በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚሠሩ በመሆናቸው ተጠቃሚው ትንበያ ባነበበ ወይም ማመልከቻ ባስገባ ቁጥር የሚከፍለው የለም። ይሁን እንጂ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎትም መመዘን አለበት፤ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ሳይረዳ የተመካበት ሰው ሕይወቱን ወይም ቤቱን ሊያጣ ይችላልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ትንበያው ከማውቃቸው የሕዝብ አገልግሎቶች ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በቴሌቪዥን በብዛት የሚታየው ክፍሉና ለቤተሰብ ውሳኔ የሚጠቅመው ክፍሉ አንድ አይደሉም። የፌማ እርዳታም እውነተኛና አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ቤትን ወደ ነበረበት ለመመለስ ታስቦ የተቋቋመ ስላልሆነ፣ ያንን የጠበቀ ሰው ክፉኛ ያዝናል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሞላው አውሎ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት በተሰናዳ ሰነድ፣ በመድንና በጎረቤት ነው።

ከትንበያው ልጀምር። ማዕከሉ ለእያንዳንዱ አውሎ ነፋስ በየስድስት ሰዓቱ፣ ማለትም በአሜሪካ ምሥራቃዊ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ከንጋቱ 11፣ ከረፋዱ 5፣ ከቀኑ 11 እና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሙሉ መግለጫ ያወጣል፤ የባሕር ዳርቻ ማስጠንቀቂያ በሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ በመካከል በየሦስት ሰዓቱ ተጨማሪ መግለጫ ይወጣል። መረጃው የሚመጣው ከሳተላይት ብቻ አይደለም፤ በሚሲሲፒ ግዛት ቢሎክሲ ከተማ ከሚገኘው የኪስለር አየር ኃይል ጣቢያ የሚነሡ ሠራተኞች አውሮፕላን ይዘው ወደ አውሎ ነፋሱ ዓይን ድረስ እየገቡ የአየሩን ግፊትና የነፋሱን ፍጥነት ይለካሉ። አውሎ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚተነብየው ሥራ ከ1990 ወዲህ ስሕተቱን ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ይህ ማለት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በርካታ ሚሊዮን ሕዝብ ለመሸሽ የሚያስችል ተጨማሪ ጊዜ አግኝቷል ማለት ነው።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን ብዙ ሰው የማይከፍተውን፣ ከመግለጫው ጋር አብሮ የሚወጣውን የትንበያ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው በተረኛው የአየር ጠባይ ተንባይ ስም የሚወጣ ጥቂት አንቀጽ ያለው ጽሑፍ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ሞዴሎቹ የት ላይ እንደተስማሙና የት ላይ እንደተለያዩ፣ ተንባዩ በየትኛው ትንበያው እንደሚተማመንና በየትኛው እንደሚጠራጠር በግልጽ ያስረዳል። እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር በአደባባይ የሚጽፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብርቅ ነው። ቋንቋው የባለሙያ ቢሆንም በመጨረሻው ላይ ቁልፍ መልእክቶች በሚል ርእስ የሚቀመጡት ዐረፍተ ነገሮች ለማንም ሰው የሚገቡ ናቸው፤ ጊዜ ያነሰው አንባቢ እነርሱን ብቻ ቢያነብ እንኳ ከብዙ የዜና ትንታኔ ይበልጥ ይጠቀማል።

በአንጻሩ የማዕከሉ ታዋቂ ምስል፣ ነጩ ሾጣጣ ካርታ፣ ጥብቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሾጣጣውን የአደጋው ክልል አድርጎ ያየዋል፤ ቤቱ ከመስመሩ ውጭ ከሆነ እፎይ ይላል፤ ቤቱ በመካከለኛው መስመር ላይ ከሆነ ይደነግጣል። ሁለቱም ንባቦች ስሕተት ናቸው። ሾጣጣው የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ ማእከል ሊያልፍበት የሚችለውን ቦታ ብቻ ነው፤ ስፋቱም የሚወሰነው ባለፉት አምስት ዓመታት ከተመዘገቡት የትንበያ ስሕተቶች ሁለት ሦስተኛው ያህል እንዲካተት ተደርጎ ነው። እንግዲህ የአውሎ ነፋሱ ማእከል በየጊዜው ከሾጣጣው ውጭ መውጣቱ በስሌቱ ውስጥ የታሰበ ነገር ነው። በተጨማሪም ቅርጹ ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ ተሰልቶ ዓመቱን ሙሉ ለሁሉም የሚያገለግል ስለሆነ፣ አውሎ ነፋሱ ትልቅ ይሁን ትንሽ ስለ ስፋቱ የሚነግረን የለም፤ ስለ ዝናቡና ስለ ባሕሩም እንዲሁ።

ይህ አለመግባባት ምን እንደሚያስከፍል በ2022 በፍሎሪዳ ታይቷል። የሄሪኬን ኢያን የሾጣጣ መካከለኛ መስመር ለቀናት ወደ ታምፓ አካባቢ ሲያመለክት ስለቆየ የብዙ ሰው ዓይን ወደዚያ አተኮረ፤ ከታምፓ በስተደቡብ ያለው የሊ ካውንቲ፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ያለ አንድ የአስተዳደር ክፍል፣ በሾጣጣው ጠርዝ አካባቢ ነበር። ማዕከሉ ለዚያ አካባቢ አደገኛ የባሕር ሙላት፣ ማለትም አውሎ ነፋሱ ወደ የብስ የሚገፋው የባሕር ውሃ፣ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ካውንቲው ነዋሪዎች እንዲለቁ ያዘዘው አውሎ ነፋሱ ዳርቻውን ከመምታቱ አንድ ቀን በፊት፣ በሴፕቴምበር 27 ጠዋት ነበር። በማግሥቱ በፎርት ማየርስ ቢች ባሕሩ ከመሬት በላይ ከ3 እስከ 4.5 ሜትር ከፍ አለ፤ በኢያን የባሕር ሙላት ከሞቱት ሰዎችም አብዛኞቹ የዚያው ካውንቲ ሰዎች ናቸው። ትንበያው ነበር፤ ሰው የተመለከተው ግን ሌላውን ሥዕል ነው። ማዕከሉ ከ2024 ጀምሮ ከባሕር ዳርቻ ርቀው ላሉ ካውንቲዎችም የወጡ ማስጠንቀቂያዎችን በሾጣጣው ካርታ ላይ በቀለም ማሳየት መሞከሩ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ይሁንና ሾጣጣው እስካለ ድረስ የሰው ዓይን ወደ መስመሩ መሄዱ አይቀርም።

ሁለተኛው ታዋቂ ቁጥር፣ ከ1 እስከ 5 የሚሄደው የሳፊር ሲምፕሰን ደረጃ፣ እንዲሁ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ደረጃውን ያወጡት መሐንዲሱ ኸርበርት ሳፊርና የማዕከሉ ኃላፊ የነበሩት ሮበርት ሲምፕሰን ሲሆኑ፣ ዛሬ የሚለካው ያልተቋረጠውን የነፋስ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ደረጃ 1 ከ119 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምራል፣ ደረጃ 5 ደግሞ ከ252 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ውሃ በዚህ ልኬት ውስጥ የለም። ካትሪና በ2005 ሉዊዚያናን ስትመታ ደረጃዋ 3 ነበር፤ በሚሲሲፒ ዳርቻ ግን ወደ 8.5 ሜትር የሚጠጋ የባሕር ሙላት አስከተለች፣ የኒው ኦርሊየንስ የጎርፍ መከላከያ ግንቦችም ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተጥለቀለቀ። ሃርቪ በ2017 ሂውስተንንና አካባቢውን ባጥለቀለቀበት ጊዜ ከሄሪኬን ደረጃ ወርዶ ነበር፤ ቢሆንም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ለቀናት በመዝነቡ በቴክሳስ ኔደርላንድ ከተማ 1,539 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። የአይዳ ቅሪት በ2021 ኒው ዮርክ ሲደርስ ምንም ደረጃ አልነበረውም፤ በዚያ ምሽት ግን በምድር ቤት መኖሪያዎች ውስጥ ሰዎች በጎርፍ ሰጥመው ሞቱ።

የሟቾች መዝገብም ይህንኑ ይናገራል። ከ1963 እስከ 2012 ባሉት ሃምሳ ዓመታት በአሜሪካ በአውሎ ነፋሶች በቀጥታ ከሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉን የገደለው የባሕር ሙላት ነው። ከ2013 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ግን የዝናብ ጎርፍ ብቻውን ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሲገድል፣ የባሕር ሙላት ድርሻ ወደ 11 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ “ደረጃው ስንት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ጥያቄውን “ውሃው እኔ ዘንድ ስንት ሜትር ይደርሳል?” ወደሚለው ቢለውጥ ይሻለዋል።

ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው የባሕር ሙላት ማስጠንቀቂያና አብሮት የሚወጣው ካርታ ነው፤ ከማዕከሉ ሥራዎች ሁሉ ያለ ማመንታት የምመክረውም ይህንኑ ነው። ማስጠንቀቂያው ከ2017 ጀምሮ ራሱን ችሎ የሚወጣ ሲሆን፣ ካርታው የውሃውን ከፍታ የሚገልጸው ከባሕር ወለል ሳይሆን ከመሬት በላይ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ውሃው ከወገቡ ወይስ ከራሱ በላይ እንደሚደርስ በቀላሉ ሊገምት ይችላል። የሚያሳየው አማካዩን ሳይሆን በከፋ ሁኔታ ሊደርስ የሚችለውን ከፍታ ነው፤ ይህም ለመሸሽ ውሳኔ ትክክለኛው መለኪያ ነው። ከካርታው ጎን የሚሄደው የመልቀቂያ ቀጠና ነው። ቀጠናውን የሚወስነው የሄሪኬን ማዕከሉ ሳይሆን ግዛቱ ወይም ካውንቲው ሲሆን፣ በብዙ ቦታ በፊደል ወይም በቁጥር ይጠራል። ነዋሪው አድራሻውን በካውንቲው ድረ ገጽ አስገብቶ ቀጠናውን ማወቅ የሚገባው ሰማዩ ብሩህ በሆነበት ወር ነው፤ ትእዛዙ ሲመጣ “ቀጠና ኤ ይልቀቅ” ብሎ ነውና የሚመጣው። መልቀቅ ማለት ደግሞ የግድ ወደ ሌላ ግዛት መጓዝ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ውሃው ወደማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ወደ ጽኑ ሕንጻ፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች መሄድ በቂ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዋች የሚባለው የመጀመሪያው ማሳሰቢያ ብርቱ ነፋስ ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቅበት 48 ሰዓት አስቀድሞ፣ ዋርኒንግ የሚባለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ 36 ሰዓት አስቀድሞ ይወጣል። ቆጠራው እስከ አውሎ ነፋሱ ማእከል መድረስ ሳይሆን እስከ ነፋሱ መጀመር መሆኑ ቁም ነገር ነው፤ ነፋሱ ከበረታ በኋላ መስኮት ላይ ጣውላ መምታትም ሆነ በድልድይ ላይ መንዳት አይቻልም።

አገልግሎቱ የማይደርስበት ድንበርም አለው። በኦክቶበር 2023 የሜክሲኮዋን አካፑልኮ የመታው ኦቲስ ከአንድ ቀን በፊት ከሄሪኬን የሚያንስ ተራ ትሮፒካል አውሎ ነፋስ ነበር፤ ሞዴሎቹ ሳያዩት በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ደረጃ 5 አደገና ከተማዋን በእኩለ ሌሊት መታ። የአቅጣጫ ትንበያ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ የጥንካሬ ድንገተኛ ዕድገት ገና ያልተገራ ችግር መሆኑን ኦቲስ አሳይቷል። የሄሊን ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ምሽት ፍሎሪዳን የመታችው ሄሊን በምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ ያወረደችው ዝናብ አስቀድሞ በግልጽ ተተንብዮ ነበር፤ የአካባቢው የአየር ትንበያ ቢሮም በዘመናችን ከታዩት ከባድ አደጋዎች አንዱ እንደሚሆን ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። ሆኖም ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በተራራ ላይ የሚኖር ሰው ሄሪኬን የሚለውን ቃል የእርሱ አድርጎ አይሰማውም። ሄሊን ወደ 250 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለች። አሽቪል ከተማም የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ መልሳ ያገኘችው ከ53 ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 18 ነበር።

ይህ ቁጥር መንግሥት ለዝግጅት የሚሰጠውን ምክር እንድመዝን ያስገድደኛል። የተለመደው መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ማለትም ወደ አራት ሊትር የሚጠጋ ውሃ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን አስቀምጡ ይላል። መጠኑ ትክክል ነው፤ ሦስት ቀኑ ግን ዝቅተኛ ወለል እንጂ እቅድ ሊሆን አይገባውም። ማሪያ በ2017 ፖርቶ ሪኮን ከመታች በኋላ በመላ ደሴቲቱ መብራት ተመልሶ እስኪዳረስ አሥራ አንድ ወር ገደማ ወስዷል፤ የደሴቲቱ መንግሥት ያስጠናው የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት 2,975 ተጨማሪ ሞት ሲገምት፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ነፋሱ ካለፈ በኋላ በነበሩት ወራት የደረሱ ናቸው። ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የኦክስጅን መሣሪያ መብራት ይፈልጋል፤ የኩላሊት እጥበት ንጹሕ ውሃና ክፍት መንገድ ይፈልጋል። በቤቱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ከብስኩትና ከባትሪ በፊት ከሐኪሙ ጋር የመድኃኒት ክምችትና የሌላ ከተማ ሕክምና ቦታ ሊነጋገር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለመናገር አልችልም፦ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ስንቅ፣ ውሃና መድኃኒት መግዛት ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ከባድ ነው፤ የዝግጅት ዝርዝሮችም ይህን ሳያነሡ ማለፋቸው እውነተኛ ጉድለት ነው። ከወቅቱ መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መግዛት፣ ባዶ ጠርሙሶችን አጥቦ የቧንቧ ውሃ መሙላት ቢያንስ የውሃውን ወጪ ያስቀራል።

ከመሣሪያዎች መካከል ደግሞ ብዙ ሰው የሚገዛው ጄኔሬተር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሎራ በኦገስት 2020 ደቡብ ምዕራብ ሉዊዚያናን ስትመታ የተፈራው የባሕር ሙላት ነበር፤ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ሰምተው ስለለቀቁ ያ ፍርሃት በአመዛኙ ሳይደርስ ቀረ፣ በግዛቱ ከሞቱት መካከል ግን በርከት ያሉት ከአውሎ ነፋሱ በኋላ በጄኔሬተር ጭስ የታፈኑ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከመስኮትና ከበር ተቃራኒ ሆኖ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ በሩ የተከፈተ ጋራዥም ውጭ ተብሎ አይቆጠርም። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ከጄኔሬተሩ ጋር አብሮ ያልተገዛ እንደሆነ ግዢው ጎዶሎ ነው እላለሁ።

ማስጠንቀቂያው እጃችን የሚገባበት መንገድም ይመዘናል። በስልክ በድንገት እየጮኸ የሚመጣው መልእክት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የስልክ ማማ ከወደቀ ይቋረጣል። በባትሪ ወይም በእጅ እየተዘወረ የሚሠራው የአየር ጠባይ ሬዲዮ ግን ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርትዝ ባሉት ሰባት መስመሮች ቀንና ሌሊት ያስተላልፋል፤ የካውንቲው ኮድ ከተሞላለትም ለዚያ አካባቢ ብቻ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ለእድሜ ባለጠጎችም ከስልክ ይልቅ ይቀልላል። የማዕከሉ መግለጫዎች የሚጻፉት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መሆኑ ግን ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ብዙ ሺህ ቤተሰብ እንቅፋት ነው፤ በየቤቱ ቋንቋውን የሚያውቀው ወጣት ቁልፍ መልእክቶቹን ለወላጆቹና ለጎረቤት አዛውንቶች በየስድስት ሰዓቱ የማንበብ ኃላፊነት ቢወስድ ትልቅ አገልግሎት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ማገገሙ ልሻገር። ፌማን ከመመዘን በፊት መድኑን መመዘን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የተለመደው የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ መድን ብቻውን የሚገዛ ሲሆን፣ በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት ሕንጻ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለቤት እቃ ደግሞ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ተከራይም የእቃውን ሽፋን ብቻ መግዛት ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ተከራይ ግን ጥቂት ነው። ትልቁ ወጥመድ ውሉ በአብዛኛው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ መጽናቱ ነው፤ አውሎ ነፋሱ ስም ወጥቶለት ካርታ ላይ ከታየ በኋላ የሚገዛው መድን ለዚያ አውሎ ነፋስ አይደርስም። ለነፋስ ጉዳትም ቢሆን በብዙ የባሕር ዳርቻ ግዛቶች የሄሪኬን ተቀናሽ የሚሰላው በቤቱ የመድን ዋጋ በመቶኛ ነው፤ 300,000 ዶላር ዋጋ የተሰጠው ቤት ተቀናሹ 2 በመቶ ከሆነ ባለቤቱ የመጀመሪያውን 6,000 ዶላር ከኪሱ ይሸፍናል ማለት ነው። በሄሊን ጎርፍ በተጠቁት የሰሜን ካሮላይና ተራራማ አካባቢዎች የጎርፍ መድን የነበረው ቤተሰብ እጅግ ጥቂት ነበር። የዚያ ክፍተት ሸክም ሁሉ በፌማ ላይ ወደቀ፤ ፌማም ሊሸከመው አልተሠራም።

ፌማ የሚሰጠው ምንድን ነው? ፕሬዚዳንቱ አደጋውን በይፋ ካወጁና ካውንቲው በእርዳታው ከተካተተ በኋላ፣ ቤተሰቡ በድረ ገጽ፣ በስልክ ወይም በአካባቢው በሚከፈተው የማገገሚያ ማዕከል በ60 ቀን ውስጥ ያመለክታል። በ2025 የበጀት ዓመት ለቤት ጥገና የሚሰጠው ጣሪያ 43,600 ዶላር ነበር፤ ለሌሎች አስፈላጊ ነገሮችም በተመሳሳይ መጠን የተለየ ጣሪያ አለ፤ ለምግብ፣ ለውሃና ለመሳሰለው አስቸኳይ ፍላጎት ደግሞ 770 ዶላር ነበር። አብዛኛው ቤተሰብ የሚያገኘው ግን ከጣሪያው በጣም ያነሰ ነው፤ መለኪያውም ቤቱ በጤና የሚኖርበት መሆኑ እንጂ እንደ ቀድሞው መሆኑ አይደለም። መድን የከፈለውን ፌማ ደግሞ አይከፍልም፤ ስለዚህ መድን ያለው ሰው አስቀድሞ ለመድን ድርጅቱ ማመልከትና የመልሱን ደብዳቤ ለፌማ መላክ ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው፣ የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር የሚሰጠው የአደጋ ብድር ለቤት ባለቤት እስከ 500,000 ዶላር ይደርሳል። ስሙ ንግድ ቢልም ብድሩ ለተራ ቤተሰብም ነው። ብድር ግን ብድር ነው፤ ይመለሳል።

በማርች 2024 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ሊመሰገን ይገባዋል። ቀደም ሲል አንዳንድ እርዳታ ለማግኘት በመጀመሪያ ለዚሁ ብድር ማመልከት ግዴታ ነበር፤ ብዙ ሰው ለምን እንደተጠየቀ ሳይገባው ሂደቱን ትቶት ይሄድ ነበር። ያ ግዴታ ተነሥቷል። የሚቀረው ትልቅ ችግር የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። “ብቁ አይደሉም” የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ውሳኔ ሳይሆን አንድ ሰነድ መጉደሉን የሚያመለክት ነው፤ የመድን ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ማረጋገጫ፣ ቤቱ የራስ መሆኑን ወይም በቤቱ መኖርን የሚያሳይ ወረቀት። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ቤቱ የጠፋበትና እንቅልፍ ያጣ ሰው ያንን ቃል ሲያነብ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ደብዳቤው የጎደለውን ሰነድ በመጀመሪያው መስመር ቢናገር ኖሮ ስንቱ ተስፋ ባልቆረጠ ነበር። ስለዚህ መታወቂያ፣ የቤት ውል ወይም የኪራይ ስምምነት፣ የመድን ውል፣ የመብራት ደረሰኝና የእያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ውስጥም፣ ከቤት ውጭ በተቀመጠ የኤሌክትሮኒክስ ቅጂም መኖር አለበት። ከጎርፉ በኋላም እቃ ከመጣሉ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውም ምልክት ከመሬት ያለው ከፍታ እንዲታይ ተደርጎ ይነሣ።

ለስደተኛ ቤተሰቦች አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። የገንዘብ እርዳታውን ለማግኘት አመልካቹ ዜጋ ወይም ሕጉ ብቁ ከሚላቸው የውጭ ዜጎች አንዱ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ብቁ ያልሆነ ወላጅ ብቁ በሆነ ልጁ ስም ለቤተሰቡ ማመልከት ይችላል። መጠለያ፣ ምግብና ውሃን የመሳሰለ አስቸኳይ እርዳታ ደግሞ በኢሚግሬሽን ሁኔታ ላይ አይመሠረትም። በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅም ይገባል፤ በግማሽ የተረዳ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ፣ የተሳሳተ መልስ ደግሞ የወራት መዘግየት ያመጣል። ፌማ ለማመልከቻም ሆነ ለቤት ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጠየቀ ሰው አታላይ ነው። በር እያንኳኳ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የሚሻ የጣሪያ ጠጋኝም እንዲሁ በጥርጣሬ መታየት አለበት።

የቀረው ሥራ የሰዎች ነው፤ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊተካው አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰው የሚያወጣው ጎረቤቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልደረቀ ግድግዳና ምንጣፍ ሻጋታ ስለሚያበቅል፣ እርጥቡን የጂፕሰም ግድግዳ ቆርጦ ማውጣትና ምንጣፉን መንቀል የብዙ እጅ ሥራ ይጠይቃል፤ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማና የአፍንጫ መሸፈኛ ይዞ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ በዚህ ሳምንት ከማንም ይበልጣል። ሳይጠሩት ወደ ተዘጋ መንገድ በመኪና የሚገባ ግን ለአዳኞች ተጨማሪ ሥራ ይሆናል፤ የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ትንሽ መኪና ይወስዳል። ያረጀ ልብስ በካርቶን መላክም በጎ አሳብ ቢሆን ሸክም ነው፤ የሚለየው ሰው፣ የሚቀመጥበት መጋዘን፣ በመጨረሻም የሚጣልበት ቦታ ይፈልጋል። ጥሬ ገንዘብ ግን የተጎዳው ሰው የሚፈልገውን በትክክል እንዲገዛ ያስችለዋል፤ ገንዘቡም በአካባቢው ባለሱቅ እጅ ይገባል።

ካሜራው ከሄደ በኋላ የሚቀጥለውን ሥራ የሚይዙት የረጅም ጊዜ የማገገሚያ ቡድኖች ናቸው። በየካውንቲው የእምነት ተቋማት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የአካባቢ መስተዳድር ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ከመድንም ከፌማም በኋላ የጎደለው ምን እንደሆነ ቤት ለቤት ያጠናሉ፤ አንዱ እንጨቱን፣ ሌላው የሰው ኃይሉን፣ ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ክፍያ ይችላል። የእነዚህን ቡድኖች አድራሻ ለማግኘት በ211 መደወል ይቻላል። በገንዘብም ሆነ በጉልበት ለመርዳት ያሰበ ሰው ካለ አውሎ ነፋሱ ባለፈ በስድስተኛው ወር እንዲደውል አጥብቄ እመክራለሁ፤ በዚያን ጊዜ የበጎ ፈቃደኞች ቁጥር ተመናምኖ፣ ጣሪያቸው ገና በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ቤቶች ግን ተራቸውን እየጠበቁ ይገኛሉ።